ቀኙ ለምን ላላ?

ነገሩ የጀመረው ከዴንቨር በመጣ አንድ ፎቶ ነው። የአክስታችን ልጅ (እኛ «ወንድም ጋሼ» ነው የምንለው፤ በዕድሜም በኩርፊያም ስለሚበልጠን) ያገለገለ ባለ አራት እግር ሞተር ገዝቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተራራ መውጣት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሞላው። ይህን ሞተር በዓይናችሁ ያላያችሁ አንባቢያን ልትኖሩ ትችላላችሁና እስቲ እናስተዋውቃችሁ፦ አራት ድብልብል ጎማ፣ እንደ ፈረስ ኮርቻ እግር ከፍቶ የሚቀመጡበት ወንበር፣ እንደ ብስክሌት ያለ መሪ። ፈረንጆቹ «ኳድ» ይሉታል። አስፋልት አይወድም፤ ጭቃ፣ አሸዋና ድንጋይ ነው ሰፈሩ።

ፎቶው ላይ ግን ሞተሩ የለም። አንድ ቀኝ እጅ ብቻ ነው ያለው፣ እጁ ውስጥ ደግሞ ከመሪው ተላቆ የወጣ ጥቁር እጀታ ጎማ። ከሥሩ ይህ ተጽፏል፦ «እህትዓለም፣ አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሻል፣ አጣርተሽ የመንገር ግዴታ አለብሽ። ይኼ ነገር ቁልቁለት ላይ እጄ ላይ ቀረ። አዲስ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ እሽግ ነው የወጡት። ግራው ጥብቅ ብሏል። ቀኙ ለምን ላላ?»

እንግዲህ እኛ ከባጃጅ የኋላ ወንበር በቀር ሞተር ነክ ነገር ላይ ተቀምጠን አናውቅም። ጥያቄው ግን ያዘን። ከአንድ እሽግ ከወጡ ሁለት ጎማዎች አንዱ ልክ ሆኖ ሌላው የሚሰፋው በምን ምክንያት ነው? «ፋብሪካው አበላሽቶት ነው» ብለን ልንገላገለው ነበር። ስናጣራ ግን ፋብሪካው ምንም አላጠፋም። ጥፋት ከተባለ፣ መነሻው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንዳንጣላ።)

መሪ የሚባለውን ነገር በሁለት እጁ ይዞ፣ ከፊቱ ያለችውን ጎማ እያዞረ መንገድ የመረጠው ሰው ጀርመናዊው ካርል ድራይስ ነው፤ 1817። የእሱ ማሽን ፔዳል እንኳ አልነበረውም፣ በእግር እየገፉ ነው የሚሄዱበት። ከእሱ በኋላ የመጡት ብስክሌቶች እጀታቸው ከእንጨት ወይም ከቀንድ ይሠራ ነበር፤ ቆየት ብሎ ቡሽ መጣ። ቡሽ ላብ አይፈራም፣ ለእጅም ይለሰልሳል። እንጨት ግን በዝናብ ቀን ያንሸራትታል፣ በብርድ ቀን ድንጋይ ይሆናል። ሰዎች የፈለጉት እጅን የሚይዝ እጀታ ነበር፤ እጅ እጀታን ብቻ ሳይሆን እጀታም እጅን መልሶ እንዲይዝ።

መልሱ ጎማ ሆነ። በእኛ ቋንቋ ጎማ ማለት ተሽከርካሪው የሚቆምበትም ነው፣ ቁሳቁሱም ነው፤ ቃሉን ከጣሊያን ስንወስድ ሁለቱን አልለየንም። ጥሬው ጎማ ከዛፍና ከሐረግ የሚንጠባጠብ ነጭ ወተት ነው። በሙቀት ይጣበቃል፣ በብርድ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህም ለብዙ ዘመን ብዙም አልረባም። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ከድኝ ጋር አደባልቆ ሲያሞቀው ጎማው ጠባዩን ለወጠ፤ ይለጠጣል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ በሙቀትም አይቀልጥም። ፈቃዱን በ1844 አወጣ። ሰውዬው በ1860 የሞተው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነው። በስሙ የሚጠራው የጎማ ኩባንያ የተመሠረተው በ1898 ሲሆን ከእሱም ሆነ ከቤተሰቡ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። (ስም ብቻውን ሀብታም ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ?)

ስለ እጅና ስለ ጎማ እየጻፍን አንድ ነገር ዘለን ማለፍ አንችልም። ስኮትላንዳዊው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1888 በአየር የተሞላውን የብስክሌት ጎማ ካስመዘገበ በኋላ ዓለም በብስክሌት አበደ፣ የጎማ ዋጋም ሰማይ ነካ። በዚያው ዘመን ኮንጎ የቤልጂጉ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ የግል ርስት ነበረች፤ ከ1885 እስከ 1908። ጎማው ከጫካ ሐረግ ይለቀም ነበርና በየመንደሩ ኮታ ተጣለ። ኮታውን ያልሞላ መንደር ወታደር ይዘምትበታል። ወታደሮቹ ደግሞ ጥይት አለማባከናቸውን እንዲያሳዩ ለተኮሱት ጥይት የተቆረጠ እጅ ማቅረብ ነበረባቸው። ጥይቱ ለአደን የዋለ እንደሆነ ቁጥሩ የሚሟላው ከሕያው ሰው እጅ ነው። የእንግሊዙ ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት ይህንን በ1904 በሪፖርት አወጣው። በዚያው ዓመት አሊስ ሲሊ ሃሪስ የተባለች ሚስዮናዊት ያነሳችው ፎቶ አለ፦ ንሳላ የሚባል አባት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የትንሽ ልጁን የተቆረጠ እጅና እግር ያያል። ሥራችን ፎቶ ማየትም ነውና ብዙ ፎቶ አይተናል። ይኼኛውን ሁለት ጊዜ አላየነውም።

የዚያ ዘመን ጎማ አብዛኛው መንኮራኩር ላይ ነበር የሚውለው፤ እጀታው ገና ቡሽና እንጨት ይበዛበት ነበር። ይህን የምንለው ታሪኩን ለማለስለስ አይደለም፣ እንዳይጋነን ነው። ኋላ ግን የጎማው ዛፍ ሰው ተክሎት በእስያ እርሻዎች ረከሰ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከነዳጅ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጎማ ተስፋፋ። እጀታውም በዚሁ ጎማ ሆነ። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ከሁለቱ አንዱ ወይም የሁለቱ ዘመድ የሆነ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው።

አሁን ወደ ወንድም ጋሼ ቀኝ እጅ እንመለስ። ከግራ የሚለየው ለምንድን ነው?

ብስክሌት ላይ ቀኝና ግራ እኩል ናቸው። ልዩነቱ የመጣው ሰው ብስክሌት ላይ ሞተር ሲጭን ነው፤ ምክንያቱም ለሞተር ነዳጅ የሚሰጥና የሚነሳ አንድ እጅ ያስፈልጋል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ይኖር የነበረው ሲልቬስተር ሮፐር በ1860ዎቹ መጨረሻ በእንፋሎት የሚሄድ ሁለት እግር ሲሠራ እንፋሎቱን የሚቆጣጠረው መሪውን ራሱን በማዞር ነበር፤ ወደ አንድ ወገን ሲያዞረው ይሄዳል፣ ወደ ሌላው ሲያዞረው ፍሬን ይይዛል። (ሮፐር በ1896፣ በ72 ዓመቱ፣ እንዲሁ በሠራው የእንፋሎት ብስክሌት ላይ እያለ ነው ያረፈው። ሐኪሞቹ ልቡ ናት አሉ።) በ1904 ገደማ ደግሞ ግሌን ከርቲስ የሚጠመዘዘውን እጀታ በቤንዚን ሞተር ላይ አዋለው። ከርቲስ ኋላ በአውሮፕላን የታወቀው ሰው ነው፤ በ1907 ግን ስምንት ሲሊንደር ባለው ሞተር ብስክሌት በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር በሮ አገር ጉድ አሰኝቷል። ያን ቀን ምን ዓይነት እጀታ ጨብጦ እንደነበር ማየት ደስ ባለን።

የሚጠመዘዝ እጀታ ጥበቡ ቀላል ነው። የመሪው ብረት ራሱ አይዞርም፤ በላዩ ላይ አንድ ቀጭን ቱቦ ይጠለቃል፣ ቱቦው ሲዞር ሽቦ ይስባል፣ ሽቦው ነዳጅ ይከፍታል። እጀታ ጎማው የሚለብሰው ቱቦውን ነው። መሪው ጫፉ ላይ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ በትክክል 22.2፣ ማለትም የእንግሊዞቹ ሰባት ስምንተኛ ኢንች፣ ከብስክሌት የተወረሰ ቁጥር። ጃፓኖቹ ሁሉን በሚሊ ሜትር የሚለኩ ሰዎች ሆነው ይህቺን ቁጥር ግን ሳይነኳት እስከ ዛሬ ይዘዋታል። ቱቦው ሲጨመርበት ቀኙ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ለሞተር ሳይክል የሚሸጥ እሽግ ውስጥ ሁለት ጎማ አለ፤ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ። ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ፣ አይደሉም።

ታዲያ ባለ አራት እግሩ ሞተርስ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚታጠፈው።

በ1967 የሆንዳ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ጃፓን ላሉት መሐንዲሶች ጥያቄ ላከ፦ ክረምት ሲገባ ሞተር ሳይክል የሚገዛ የለም፣ ሻጮቻችን እጃቸውን አጣጥፈው ይከርማሉ፣ በበረዶና በጭቃ የሚሄድ አንድ ነገር ሥሩልን። ሥራው ኦሳሙ ታኬውቺ ለሚባል መሐንዲስ ተሰጠ። ሰውዬው ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት፣ ባለ አምስት፣ ባለ ስድስት ጎማ ሞከረ። የተሻለው ባለ ሦስቱ ሆነ። በ1970 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 595 ዶላር ነበር፤ ሦስት ትልልቅ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ አየር ብቻ የሚሞሉ ጎማዎች። በዓመቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም ውስጥ ታየ። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም ነበር።

እንዲህ ያለ ማሽን ላይ የሚጠመዘዝ እጀታ አደገኛ ነው። ሞተር ሳይክል ወደ ጎን ጋደም ብሎ ይታጠፋል፣ ነጂው አብሮት ይጋደማል። ሰፊ ጎማ ያለው ግን አይጋደምም፤ ነጂው ነው ከወንበሩ ተነስቶ ሰውነቱን ወደ አንድ ወገን የሚጥለው፣ መሪውን የሚስበውና የሚገፋው። አሁን አስቡት፦ ጉብታ ሲያነሳህ ወደ ኋላ ትወድቃለህ፣ ላለመውደቅ መሪውን ወደ ራስህ ትጎትታለህ፣ አንጓህ ይታጠፋል፣ እጀታው ይዞራል፣ ነዳጁ ይከፈታል፣ ሞተሩ ተፈትልኮ ጨርሶ ይጥልሃል። ፈረስ ሲደነብር ልጓም ብትስብ ይቆማል፤ እዚህ ልጓሙን በሳብክ ቁጥር ፈረሱ ይጋልባል። ስለዚህ በዚህ ማሽን ቤተሰብ ነዳጅ መስጠት ከአንጓ ተወስዶ ለአውራ ጣት ተሰጠ፤ የበረዶ ላይ ሞተሮችም እንደዚሁ ናቸው። አራቱ ጣቶች እጀታውን እንደያዙ ይቆያሉ፣ አውራ ጣት ትንሽ ምላስ ይገፋል። ለቀቅ ሲያደርገው ነዳጁ ይዘጋል።

ያም ሆኖ ሦስት እግሩ ራሱ መጥፎ ጠባይ ነበረው። መታጠፊያ ላይ ይገለበጣል፣ ከነዱት ውስጥ ደግሞ ሕፃናት ብዙ ነበሩ። ሱዙኪ በ1982 ባለ አራቱን ይዞ ቀረበ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። በ1988 ዋና ዋናዎቹ አምራቾች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት አዳዲስ ሦስት እግሮችን መሸጥ አቆሙ፤ ማስጠንቀቂያ ሊለጥፉ፣ ገዢዎችን ሊያሠለጥኑ፣ ትልልቆቹን ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሆኑ ሊያደርጉ ተስማሙ። ስምምነቱ በ1998 አበቃ፤ በ2008 የወጣው ሕግ ደግሞ አዲስ ሦስት እግር ማስገባትም መሸጥም ከለከለ። ሦስት እግሩ ሄደ፣ የአውራ ጣቱ ምላስ ግን ቀረ። ዛሬ ኳድ ላይ የምታዩት እሱን ነው።

እንግዲህ የወንድም ጋሼ ጥያቄ ተመለሰ። ኳድ ላይ የሚዞር ቱቦ የለም። ቱቦ ከሌለ ቀኙም ግራውም ያው 22 ሚሊ ሜትር ነው። እሱ የገዛው የሞተር ሳይክል እሽግ ነው። ግራው ልክ ሆነ፤ ቀኙ ግን የተሠራው እሱ ሞተር ላይ ለሌለ ቱቦ ነበር። ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ልዩነት ናት ቁልቁለት ላይ ጎማውን እጁ ላይ ያስቀረችው። የደወለልን ሰው እሱ ራሱ በመሆኑ አመስግነናል፤ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሊደውልልን ይችል ነበር።

ይህንን ጽፈን ላክንለት። «ጎበዝ» አለና ወዲያው ሌላ ጥያቄ አስከተለ፤ የዘመድ ነገር። «ወፍራም ልግዛ ቀጭን? ጠዋት ጠዋት በብርድ ስነዳ ሁለት ጣቴ ነጭ ይሆንብኛል፣ ይደነዝዛል።»

ይኼኛው ቀልድ አይደለም፣ ታሪክም አለው። ጣት በብርድ መንጣቱን በ1862 በጥናቱ የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ሬይኖ ነው። ከንዝረት ጋር ያለውን ዝምድና በአሜሪካ ካወጡት መካከል ደግሞ ዶክተር አሊስ ሃሚልተን አለች። በ1918 ኢንዲያና ውስጥ ቤድፎርድ ወደሚባል የድንጋይ ካባ ሄደች፤ ጠራቢዎቹ በአየር ግፊት የሚመታ መዶሻ ይዘው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። በብርድ ጠዋት ጣቶቻቸው እንደ ሬሳ ይነጡ ነበር፤ ይበልጡን ግራ እጃቸው፣ መሮውን የሚጨብጠው። (ሃሚልተን በዓመቱ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ይህን በቅንፍ ያደረግነው ትንሽ ነገር ስለሆነ አይደለም።) ከዚያ የዛፍ መቁረጫ ሞተር የሚይዙ እንጨት ቆራጮች ተራ ደረሰ፤ ከዚያም ጃፓን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሞተር ሳይክል ላይ የሚውሉ ፖስታ አዳዮች። የእነዚህ እጅ መዶሻ አልነካም፤ የጨበጡት መሪ ብቻ ነው። አውሮፓ በ2002 ባወጣችው መመሪያ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ውስጥ በእጁ የሚቀበለው ንዝረት በሴኮንድ ስኩዌር ከ5 ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነች፣ 2.5 ሲደርስም አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለደስታው የሚነዳ ሰው ግን አሠሪ የለውም፤ ቆጣሪውም ከልካዩም ራሱ ነው።

ወፍራምና ለስላሳ ጎማ ንዝረቱን በመጠኑ ይበላል። ታዲያ ሁሉም ለምን ወፍራም አይገዛም? እጅ ስለሚለያይ። እጀታ በወፈረ ቁጥር ለመጨበጥ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ ክንድ ቶሎ ይዝላል፤ ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ ደግሞ ንዝረቱን ይበልጥ ወደ እጅ ያስገባል። ኳድ ላይ አውራ ጣት ሥራ አለበት፤ እጀታው ሲወፍር ወይም በምላሱ በኩል ያለው ከንፈር ሰፊ ሲሆን አውራ ጣት ለመድረስ ይንጠራራል፣ ከሰዓት በኋላ ይጨመደዳል። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ወፍራም ገዝቶ ራሱን ይቀጣል። ለስላሳው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ይከርማል፣ መዳፍ ግን ያቆስላል። ላዩ ላይ ያሉት ቅርጾች፣ አንዳንዶቹ የእንጀራ ዓይን የሚመስሉ፣ ጭቃና ውኃ መሸሺያ እንዲያገኝ ነው፤ ጓንት ለሚያደርግ ሰው ሹል ይሁን፣ በባዶ እጅ ለሚነዳ ደግሞ ዝርግ ቢሆን ይሻላል። ወንድም ጋሼ እጁ የእናቱን ነው፤ የአክስታችንን ቀለበት ትንሿ ጣቱ ላይ ሲያደርግ እናውቀዋለን። ስለዚህ መካከለኛ ውፍረት፣ ለስላሳ ጎማ አልነው፤ ስለሚነጣው ጣት ግን ሱቅ ሳይሆን ሐኪም ቤት ሂድ ብለን በትልቁ ጻፍንለት። ጎማ መድኃኒት አይደለም።

አገጣጠሙን እንለፈው ብለን ነበር፤ ግን ወንድም ጋሼን ስለምናውቀው አናልፈውም። የድሮውን በምላጭ ቀዶ ማውጣት፣ ብረቱን በአልኮል መጥረግ፣ ለእጀታ የተሠራውን ማጣበቂያ መቀባት፣ አንዴ መግፋት፣ ከዚያ ሌሊቱን ሳይነኩ ማሳደር። ሳሙና ቀብቶ ማስገባት ይቀላል፣ መውጣቱም እንደዚያው ይቀላል። ተወዳዳሪዎች በላዩ ላይ ቀጭን ሽቦ ያስሩበታል። ከተራራ ብስክሌት የመጣም አንድ ዓይነት አለ፤ በቡሎን የሚጠብቅ፣ ማጣበቂያ የማይፈልግ፣ ትንሽ ወፈር የሚል። ዋጋውም እንደዚያው ወፈር ይላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ቀርቶብን ነበር። አንዳንድ እሽቅድድም ወዳዶች አውራ ጣታቸው ስለሚደክም ምላሱን አውጥተው የሚጠመዘዘውን ቱቦ ያስገባሉ። ያገለገለ ኳድ የገዛ ሰው የቀድሞው ባለቤት ምን እንዳደረገ ሳያይ ማዘዝ የለበትም። «መጀመሪያ ቀኝ እጁን እየው፣ ምላስ ነው ወይስ ቱቦ? ከዚያ በካሊፐር ለካው፣ ሁለቱንም ወገን» ብለን ላክን።

ማታ መልስ መጣ። ፎቶ ነው፤ የካሊፐሩ መስኮት ላይ 22.2 ይነበባል። ቀጥሎ ሌላ ፎቶ፣ ግራው፤ 22.2። ከሥሩ፦ «ለካሁ። ሐኪም ቤቱን ሐሙስ ቀጠሩኝ። እናቴ እንዳትሰማ።»

አክስታችን ይህን ገጽ እንደምታነብ አልነገርነውም።